ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቦይለር

እናቴ ከአዲሱ ቤት አጥብቃ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቧንቧ የሚወርድ ሙቅ ውሃ። ቁርጥማት ጉልበቷንና ጣቶቿን ስለያዛት፣ ጠዋት ጠዋት እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳትነክር የልብሷን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አትችልም ነበር። በምንኖርበት የቀበሌ ቤት ውሃውን በከሰል እያሞቅሁ የማቀርብላት እኔ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ጋር የቤት ሠሪዎች ማኅበር ገብታ ጎፋ ቦታ ሲደርሳት፣ "እንግዲህ አንቺም ታርፊያለሽ" አለችኝ።

የማኅበሩ ስብሰባ የምሄድላትም እኔ ነበርኩ። ቤቶቹ ጣራ ለብሰው፣ ሳይወሰን የቀረው የሙቅ ውሃው ነገር ብቻ ነበር። ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ዕቃ እንዲገባ ተወስኖ ስለነበር ምርጫውም የጋራ ነው። ኮሚቴው የኤሌክትሪክ ቦይለር አቀረበ። አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ደግሞ ጓሮ ውስጥ በርሜል ተክሎ በማገዶ ማሞቅ ይሻላል አሉ።

"አባባ፣ ከጭስ ልንወጣ ቤት ብንሠራ ጭሱን ይዘውብን ሊመጡ ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

"ጓዶች፣ ሥርዓት!" አለ ሰብሳቢው፣ እሱም እየሳቀ።

"ሳቁ፣ ሳቁ። ለመሆኑ ቧንቧው ውሃ አለው?" አሉ ሽማግሌው።

"ይመጣላ!"

ቧንቧው በቂ ውሃ እንደሌለው አውቅ ነበር። ግንባታውን ለማየት በሄድኩ ቁጥር ጥበቃው አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ሲጠብቅ አይቻለሁ። ከመሬት ብዙም ከፍ ካላለው ቧንቧ እንደ ክር የሚወርድ ውሃ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቦይለር ውስጥ ሊገባ አይችልም። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በዚያው ሳምንት የውሃ ግፊትን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ለተማሪዎቼ አስረድቻለሁ።

አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት በሹክሹክታ ነገርኳት።

"ታዲያ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ተነሽና ተናገሪ እንጂ! የተማርሽው ለመቼ ነው?"

እጄን አነሳሁ። ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ፀጉሬን አስተካክዬ መለስኩት።

ያን ጊዜ በስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ስሙ ይመዘገብ ነበር። ለዓመታት ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው። ስለ ቦይለር በመናገሩ የታሰረ ሰው ግን አላውቅም። እኔ የፈራሁት ሳቁን ነው።

"የሚደግፍ?" ሲባል እጄ ከሌሎቹ ጋር ወጣ። የሰጠሁት የእናቴን ድምፅ ነበር።

የገባን ቀን እናቴ ከሁሉ አስቀድማ መታጠቢያ ቤት ሄዳ ቧንቧውን በሁለት እጇ ከፈተችው። አየር ፉጨት አሰማ፤ ከዚያ ምንም። ቦይለሩን የገጠመው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባዶውን እንዳይቃጠል ብሎ ገመዱን ነቀለው። ነጩ ቦይለር እያብረቀረቀ ተሰቅሎ ቀረ፤ ቱቦው ላይ ፎጣ ማስጣት ጀመርን።

አንድ ጠዋት እንደ ድሮው በከሰል ያሞቅሁትን ውሃ ሳፋ ውስጥ ገልብጬ አቀረብኩላት። ቀና ብላ ቦይለሩን አየችው።

"ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተሰብስቦ ይህን የሚያውቅ ጠፋ?"

"አንድ ሽማግሌ ብቻ ተናግረው ነበር።"

"አይዞዎት ያላቸው ሰውስ?"

"አልነበረም።"

የተጣመሙ ጣቶቿን ነክራ ቶሎ አወጣች።

"ይፋጃል፤ ቀዝቃዛ ጨምሪበት።"

ጨመርኩበት።