ከቅጥሩ ውጭ ያለው ድንጋይ

ሐሙስ ጠዋት፣ ንፋስ መውጫ

ለእናቴ «ስማዳ ያሉ ዘመዶችን ለአርባው ልጠራ ነው» ብያት ወጣሁ። እውነቱን አልነገርኋትም። የምሄደው አንድ ሰው ፍለጋ ነው። የወንድሜ የሙሉቀን አርባ እሑድ ነው። ሰውየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመምሬ ጥበቡ ፊት ቆሞ ካልተናገረ፣ ወንድሜ እኔ ባስጣልሁት ግዝት ታስሮ ይቀራል ብዬ ፈርቻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ሙሉቀን በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ከባሕር ዳር ያገለገለች ማውንቴን ሳይክል ገዝቶ ነበር። እኔም የሰው ሳይክል እየተዋስሁ እከተለው ነበር። ቀስ በቀስ ስድስት ሆንን። ከከተማው ጫፍ ወደ ቆላ የሚወርደውን የእግር መንገድ ነበር የምንነዳው። መንገዱ ግን የገበሬው ነው። ስለዚህ ሙሉቀን ደንብ አወጣ። የተጫነ አህያ፣ ቄስ ወይም ሬሳ የተሸከመ ሰው ሲመጣ ሁላችንም ከሳይክል እንወርዳለን። ክረምት ያፈረሰውን ደግሞ እኛ በአካፋ እንጠግናለን። ገበሬዎቹም በማሳቸው ጠርዝ ያሳልፉን ጀመር።

ከዚያ ሳይክል መጥፋት መጣ። በአንድ ዓመት ሦስት ጠፋ። የከተማው ልጆች አንድ የተጠረጠረ ሰው ይዘው ደበደቡ። ኋላ እሱ እንዳልነበረ ታወቀ። አራተኛዋ የሙሉቀን ሳይክል ናት። ሻይ ቤት በር ላይ አስደግፌያት የገባሁት እኔ ነኝ። ስወጣ የለችም።

ሙሉቀን «ተዋት፣ ትመጣለች» አለኝ። እኔ አልተውሁም። በእኔ እጅ ነው የጠፋችው። ሳልነግረው መምሬ ጥበቡ ዘንድ ሄጄ ግዝት ይጣልልኝ አልሁ። እሳቸውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው፣ «የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ አይቶም ዝም ያለ፣ እስኪናገር ድረስ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ሙሉቀን ከጎኔ ነበር። መሬት መሬት ያይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ውስጥ አልገባም። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያስቀድስ ነበር። እኔን ያኮረፈ መሰለኝ። ሁለት ወር እንዲህ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን በተዋሰው ሳይክል ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ አልያዘለትም። ከገደሉ ያወጣነው እኛ ነን።

ባለፈው ሳምንት ለአርባው ፎቶውን ላሳጥብ ብዬ ስልኩን ቻርጅ አደረግሁ። ለአዲሱ የላከው መልእክት አለ። አዲሱ ከስድስታችን አንዱ ነው። የስማዳ ልጅ ነው። ንፋስ መውጫ ጎማ ይጠግን ነበር። ሳይክሏ በጠፋች ሰሞን ነው ወደ አገሩ የሄደው። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ስትወስዳት አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርሁም። እስክትመልሳት እኔም ከቅጥሩ ውጭ ነኝ።»

ስልኩን ይዤ መምሬ ጥበቡ ቤት ሄድሁ። አነበቡት። 

«ፍትሐቱ ደርሶለታል፤ እንጸልይለታለን» አሉኝ። «የእግዚአብሔር ምሕረት ከእኔ ቃል ይበልጣል። ግዝቱ ግን እንዲያው ሜዳ ላይ አይቀርም። የወሰደው መጥቶ ይናገር። ያስገዘተውም ይቅር ይበል። ያን ጊዜ እፈታዋለሁ።»

ያስገዘተው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን ይኸን ልብ አላልሁትም። የታየኝ ሰውየውን ማምጣት ብቻ ነው።

ወደ ወገዳ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። የታሪፍ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ረዳቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ማንም አልተከራከረም። መንገዱ ጠጠር ነው። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ አንዳንድ አውድማ ላይ በሬዎች ሲያበራዩ አየሁ። አርብ ገበያ የምትባል ከተማ ስንደርስ ሻይ በዳቦ ቀመስሁ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የዘር ባቄላ በማዳበሪያ ከረጢት ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

«ከወዴት ነህ ልጄ?»

«ከንፋስ መውጫ ነኝ አባባ።»

«እነዚያን በቁልቁለቱ እንደ ጦጣ የሚወርዱትን ታውቃቸዋለህ?»

ረዳቱ ከበሩ ዞሮ ሳቀ። «ጦጣስ ዛፍ ይይዛል፣ አባባ። እነሱ ምን ይይዛሉ?»

«ሳቅ አንተ። በሬዬን አስደንብረውብኛል» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንዱ ግን ሰው ነው። አህያዬን ከሩቅ ካየ ይወርዳል። አንድ ቀን ጭነቱ ሲያጋድልብኝ ሳይክሉን ጥሎ አብሮኝ አቃና። ረዥም ነው፣ ቀይ ኮፍያ ያደርጋል። ደህና ነው?»

 «ደህና ነው» አልሁ።

«በል ሰላም በልልኝ።»

«እሺ።»

የስማዳ ከተማ ወገዳ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጫማዬም ፀጉሬም ነጭ ሆኗል። ከመናኸሪያው አጠገብ አንድ ባለሱቅ ጠየቅሁ።

«የጎማው አዲሱ? ከተማ አይደለም። አባቱ ካረፉ ወዲህ አገር ቤት ነው፤ በእስቴ በኩል። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ምኑ ነህ?»

«ጓደኛው።»

አየኝ። «ጓደኛ ከሆንህ ደህና። ለምን እንዲህ እንደከሳ ጠይቀው።»

ዓርብ፣ አውድማው ላይ

ማልጄ በእግሬ ወጣሁ። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። አዲሱን ያገኘሁት አውድማ ላይ ነው። መንሽ ይዞ ስንዴ ያዘራል። ገለባው በነፋስ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ሲያየኝ መንሹን ዝቅ አደረገ። አልሸሸም። ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየ።

«ሙሉቀን ላከህ?» አለኝ።

መሞቱን አልሰማም ነበር። ይኸን መንገድ ሁሉ ስመጣ የምናገረውን ሳወጣ ሳወርድ ነበር፤ ይኸ ግን አልመጣልኝም።

«ሙሉቀን ሞተ» አልሁት። «በሰው ሳይክል ሲወርድ። ፍሬኑ አልያዘለትም።»

ገለባው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔ ቆሜ ነበር። ላጽናናው አልቻልሁም። ልመታውም አልቻልሁም። በሬዎቹ ከታፈሰው ስንዴ ይበሉ ጀመር፤ እኔ ነኝ ያባረርኋቸው።

ከዚያ ተናገረ። ሳይክሏን የወሰደ ቀን «አባትህ ሊያርፉ ነው» ብለው ደውለውለት ነበር። መኪና ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሳይክሏ ሻይ ቤቱ በር ላይ ነበረች።

«ለምን አልጠየቅህም?»

«ማንን? ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበርኸው አንተ ነህ። ሳይክል በጠፋ ቁጥር ‹ስማዳ ወርዷል፣ እዚያ ፈልጉት› የምትል አንተ አይደለህ?»

«ለቀልድ ነው።»

«ለናንተ ነው ቀልዱ።»

 ብዬ ነበር። ደጋግሜ ብዬ ነበር። ሁሉም ይስቅ ነበር፤ አዲሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

«ሙሉቀን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየኝ» አለ። «አልጠራኝም። ገፍቼ ሄድሁ። አባቴን በሕይወት ደረስሁበት። አንድ ሌሊት አብረን አደርን። ልመልሳት ስል ግዝቱን ሰማሁ፤ ያንን ሰው እንዴት እንደደበደቡትም አውቃለሁ። ሙሉቀን ሲጽፍልኝ ‹እመልሳታለሁ› አልሁት። ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። እኅቴ ቤት ደበቅኋት።»

«እሑድ አርባው ነው። መጥተህ ትናገራለህ።»

«ልጆቹ ይመቱኛል።»

አይነኩህም ልለው ፈለግሁ። «ሊመቱህ ይችላሉ» አልሁት።

ተነሳ። የቀረውን ስንዴ አጎቱ እንዲያዘራለት ተጣራ። እግሩን ታጠበ፤ ነጠላ ደረበና «እንሂድ» አለኝ።

እስቴ

የእኅቱ ቤት አንድ ወንዝ ተሻግሮ በእስቴ በኩል ነው። ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳንቀምስ ሄድን። መንገድ ላይ ያወራነው ስለ መንገዱ ብቻ ነው። «በዚህ በኩል ያዳልጣል።» «ይኸኛው ያቋርጣል።» ሙሉቀን ከእኛ ከጋይንት ተነስቶ በስማዳ አድርጎ እስቴ ድረስ በሳይክል መውረድ ይመኝ ነበር። መንገዱን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይስልልን ነበር። እኔ በእግሬ ሄድሁት።

እኅቱ በሶ በጥብጣ ሰጠችን። ከጎታው ኋላ በጆንያ የተሸፈነ ነገር ጎትታ አወጣች።

«ውሰዱልኝ» አለች። «ከገባች ጀምሮ ወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጠም። እሑድ እሑድ ከብት እጠብቃለሁ እያለ ይቀራል። ማን ያምነዋል? ሰው ሁሉ ያያል።»

ሳይክሏ ንጹሕ ናት። ካቴናዋ ዘይት ጠጥቷል። ቴላዮዋ፣ ዋናው ብረቷ ላይ ሙሉቀን በምስማር የጫረው ስሙ እንዳለ ነው።

«ፍሬኑን አዲስ አድርጌዋለሁ» አለ አዲሱ። «ስመልስለት ደህና ሆና ትሂድ ብዬ።»

ከዚያ ቤት ወደ መኪና መንገድ ረዥም ቁልቁለት አለ። አዲሱ አልነዳም አለ። እኔ ወጣሁባት። መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ከዚያ ለቀቅሁት። ኩርባው ላይ ፍሬኑን ጨበጥሁ። ያዘ። በሁለት ጣት ብቻ ያዘ። ወረድሁና መንገድ ዳር ተቀመጥሁ። ይኸ ፍሬን ከጎታ ኋላ ተሸፍኖ ሳለ ወንድሜ ፍሬኑ በማይይዝ ሳይክል ይወርድ ነበር። አዲሱ ደርሶ «ምን ሆንህ?» አለኝ። «ምንም» አልሁት።

ቅዳሜ

ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወደ ንፋስ መውጫ። ሳይክሏን ከመኪናው ጣራ ላይ ከሁለት ፍየሎች ጋር አሰርናት። ደብረ ታቦር ምሳ በላን። አዲሱ ጥብስ አዘዘ። አንድ ጊዜ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ እጁን ዘረጋ።

«ጠግቤያለሁ» አልሁት።

ገና መጀመሬ ነበር። እሱም አይቷል። ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ዳር አስቀመጠው። ማናችንም አልነካነውም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዲሱ ከበሩ ላይ ቆመ። ሳይክሏን ይዟል። «የወሰድሁ እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ አልወጣም፤ መምሬ ጥበቡ ድገመው አሉት። ደገመው። ከሳይክል ጓደኞቻችን አንዱ ወደ ፊት መጣ። ፊቱ ተለዋውጧል። መምሬ መስቀሉን በመካከላቸው አደረጉ።

«ይኸን ሰው የነካ እኔን ነካ» አሉ። ልጁ ቆመ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ያስገዘትህ። ይቅር ብለሃል?»

እናቴ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ታየኛለች። ሁሉን ነገር የሰማችው ገና አሁን ነው። መዳፌ ላይ ያ ፍሬን አለ፤ ሲይዝ ይሰማኛል። አይሆንም ብል ወንድሜ ይቀራል። አዲሱ ይቀራል።

«ይቅር ብያለሁ» አልሁ።

መምሬ ጥበቡ ፈቱ። የሙሉቀንን ክርስትና ስም ጠርተው፣ ቀጥሎ የአዲሱን ጠርተው «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። አዲሱ ደጁን ሳመና ገባ። መምሬ ለእኔም መስቀል ሊያሳልሙኝ መጡ። ወደ ኋላ አልሁ። አዩኝ። ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

ተዝካሩ ላይ አዲሱ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። መጨረሻ ላይ ያ ሊመታው የመጣው ልጅ ሄዶ ጠላ ቀዳለት። በሳምንቱ ሁሉም አካፋ ይዘው ወረዱ፤ እኔም አብሬ ወረድሁ። ወንድሜ የወደቀበትን ኩርባ ወደ ውስጥ ገፍተው አሰፉት፤ ጠርዙን በድንጋይ ካቡት። ስንመለስ የሚኒባሱ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ ሲመጡ አዲሱ ከሁሉም ቀድሞ ከሳይክሉ ወረደ። እኔን አይተው ቆሙ። ሰላምታቸውን አድርሼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ነው እውነቱን የነገርኋቸው።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርህ ብባል፣ ሰውን ሄዶ ማምጣት ይቻላል እላለሁ። አራት ቀን ይበቃል። ይቅር ማለቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም። በመስቀል ፊት በአፌ ብዬዋለሁ፤ ልቤ ግን ገና እስቴ ቁልቁለት ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከወይራው ሥር፣ ድንጋዩ ላይ እቆማለሁ። ድንጋዩ መካከሉ ለስልሷል። ቅዳሴው ከዚያ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ አላውቅም ነበር።

ባለፈው እሑድ አዲሱ ሊገባ ሲያልፍ አየኝና ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለኝ።

«ቅደም» አልሁት። «እመጣለሁ።»