የጋሪ ነጂው ልጅ ዘውድ

ፖሊሶቹ ሲገቡ ጭንቅላቴ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ነበር። የዚያን ጊዜው የእንጨት ካሜራዬ ሰውን የሚያሳየኝ ገልብጦ ስለነበር፣ ሦስት ፖሊሶች እግራቸው ወደ ላይ ተሰቅሎ ኮፍያቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ በሩን አልፈው ሲመጡ አየኋቸው። ፎቶ ሊነሱ የመጡ መሰለኝ። ደስም አለኝ። ፎቶ ቤቱን ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ደንበኛ ብርቄ ነው።

«ባላችሁበት! እንዳትነቃነቁ!» አልኩ፣ ፊቴ ለተቀመጡት ባልና ሚስት።

ፖሊሶቹም ቀጥ ብለው ቆሙ። አንስቼ ስጨርስ ከጨርቁ ወጣሁ። አለቃቸው ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ለቀቀና «ጨረስክ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ቅደም። ትፈለጋለህ።»

ካሜራውንም ይዘውት ሄዱ። አንደኛው ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት ከፊቴ ይራመዳል። ሐረር ሸዋ በር አጠገብ አንዲት የማውቃቸው እናት ቆመው «እሰይ ልጄ! ለመንግሥት ሥራ ገባህ?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ስላላወቅሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አለፍኩ።

የእስር ክፍሉ ጠባብ ነው። ኖራው ሰው እስከሚደገፍበት ድረስ በወዝ ጠቁሯል፤ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ከፍ ብሎ አንዲት መስኮት አለች። ሙያ ክፉ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ያየሁት ብርሃኑን ነበር። ለስለስ ብሎ ይገባና ግድግዳው ላይ ያርፋል። ለአራስ ልጅ የሚሆን ብርሃን ነው ብዬ አሰብኩ። ሽታው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የባለሥልጣን አጀብ ሲያልፍ ጥሩምባ ነፍተሃል፣ ንቀት ነው ተብሎ ገባ። «ፍየል ነው ያባረርኩት» ይላል። «ፍየሏ ምስክር አትሆነኝ ነገር!»

ሁለተኛው ጀጎል ውስጥ ኮፍያ የሚሰፉ፣ ጢማቸው መሸበት የጀመረ ሰው ናቸው። የአገሩ ሰው በቋንቋው «አው» ይላቸዋል፤ አባት ማለት ነው። እኛም እንደዚያው ጠራናቸው። ሚስታቸው ምጥ ሲይዛቸው ጎረቤቱ ቤታቸው ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግ፣ ያለ ፈቃድ የተደረገ ስብሰባ ነው ተብሎ አባወራው ተያዙ። ለዘመናት ሲለምኗት የኖሩት የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደችው እሳቸው በተወሰዱ በማግሥቱ ነው። ሴት መሆኗን የሰሙት ምሳ ካመጣላቸው ሰው ነበር። ይኸው ወር አልፎም አይተዋት አያውቁም።

በማግሥቱ ሻምበሉ ዘንድ አቀረቡኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ከፎቶ ቤቴ መስኮት የወረደ ትልቅ ፎቶ ከነመስተዋቱ ተጋድሟል። ያኔ ነው ነገሩ ትንሽ የገባኝ።

እዚህ ላይ የሥራዬን አጀማመር ልናገር። ሙያውን ድሬዳዋ አንድ አርመን ዘንድ ተምሬ ሐረር ስመለስ፣ የትልልቁን ሰው ፎቶ የሚያነሳ የቆየ ፎቶ ቤት ነበረ። እኔ ቤተሰብና አራስ ልጅ ላይ ልበርታ አልኩ። አገሬው አራሱን ከሰው ዓይን የሚሸሽግ መሆኑን እያወቅሁ እንዴት እንደዘነጋሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እናቶቹ ይመጣሉ፤ ልጁን ግን ከእግር እስከ ራሱ ጠቅልለው፣ ፊቱንም ሸፍነው ነው። «ትንሽ ገለጥ ቢያደርጉት» ስል «ዓይን ቢበላውስ?» ይሉኛል። ስለዚህ በየፎቶዬ ላይ አባት አለ፣ እናት አለች፣ አያት አሉ፤ መሀል ላይ የታሰረ ጨርቅ አለ። የልብስ አጣቢ ማስታወቂያ ይመስል ነበር።

ይህን ያፈረሰችው የአንድ ጋሪ ነጂ ሚስት ናት። ልጇን ክርስትና ካስነሳች በኋላ መጣችና ጨርቁን ገፋ አድርጋ «ይታይ! የጋሪ ነጂ ልጅ ማን ብሎ ይቀናበታል?» አለች። ልጁ ራሷ ከቢጫ ክር የሠራችለትን፣ ጠርዙ ሾል ሾል ያለ ቆብ አድርጓል። እንደዚያ ያለ ፎቶ ወጥቶልኝ አያውቅም። አስፈቅጄ ፎቶውን በትልቁ አጠብኩትና መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ከባዱን መስተዋት የሚችለው የላይኛው ሚስማር ብቻ ነበር። እዚያ ላይ እንደማንኛውም ንግድ ቤት የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል። እሱን አንድ ሚስማር ዝቅ አደረግሁት። ያሰብኩት ስለ ሚስማር ብቻ ነው።

«ይህ ሕፃን ማነው?» አሉኝ ሻምበሉ።

«የጋሪ ነጂ ልጅ ነው ጌታዬ።»

«አያቱስ?»

«አላውቃቸውም።»

«እናቱ ከማን ወገን ናት?»

«ከሐኪም ጋራ፣ ከተራራው በኩል ናት መሰለኝ።»

«ከሐኪም ጋራ የማን ቤት?»

ዝም አልኩ። ጸሐፊው ዝምታዬንም ጻፈው። ሻምበሉ ጣታቸውን ፎቶው ላይ፣ ቆቡ ላይ አሳረፉ። ፎቶው ቀለም ስለሌለው ቢጫው ክር ብር መስሎ ያበራል፤ ሾል ሾል ያለው ጠርዝ ደግሞ፣ እግዜር ያውቃል፣ ዘውድ ነው የሚመስለው።

«ጃንሆይን ከቦታቸው አውርደህ ዘውድ የጫነ ሕፃን ከበላያቸው ሰቀልህ። ለማን ነው ያዘጋጀኸው?»

«ቆብ ነው ጌታዬ። የክር ቆብ።»

ከኋላዬ የቆመው ፖሊስ በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ለረጅም ጊዜ ጮኸ። ሻምበሉ አልተቆጡም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። «ከአዲስ አበባው የክብር ዘበኛ ግርግር ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አይደለም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይህ ፋይል ወደ ላይ ከሄደ እኔም ልመልሰው አልችልም።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሾፌሩ «ንጉሥህ እንዴት ዋሉ?» አለኝ። ጉንጬን ሲያይ ግን ቦታውን ለቀቀልኝ፤ በግድግዳው በኩል የሚተኛበትን ሙቁን ቦታ።

የአው ሚስት ከአራስ ቤት ከወጡ ወዲህ ምሳውን ይዘው የሚመጡት ራሳቸው ሆኑ። በር ላይ ምሳው ይገባል፤ እሳቸውና ልጃቸው ይመለሳሉ። ልጅቱ አንዳንድ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ አው መቁጠሪያቸውን ያቆሙና «ያቺ ናት» ይላሉ።

«ወላሂ ድምጿስ ከእኔ ጥሩምባ ይበልጣል!» ይላል ሾፌሩ፣ እሳቸውን ደስ እንዲላቸው።

አንድ ቀን ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ አንተ ብዙ አራስ አይተሃል። ምን ይመስላሉ?»

«እውነቱን ልንገርዎት?»

«እውነቱን።»

«የተናደደ ሽማግሌ ይመስላሉ።»

ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩና መቁጠሪያቸውን እንደገና አነሱ።

በሳምንቱ መጨረሻ የጋሪ ነጂው ሚስት ልጇን አዝላ ተጠርታ መጣች። ሻምበሉ ቆቡን አስወልቀው ወደ ብርሃን አነሱት፤ ገለበጡት፤ በጣታቸው ሳብ አደረጉት። ተለጠጠ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ።

«ቆብ ነዋ።»

«ዘውድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ።»

«ዘውድ ከሆነማ ጠንቀቅ ብለው ይያዙት ጌታዬ፤ አሁን በር ላይ አስመልሶበታል።»

ሻምበሉ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ተመለከቱ። ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግን ክስ ተከፍቷል። እንዲሁ አይዘጋም፤ ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቆቡ የክር መሆኑ በግልጽ የሚታይበት ሌላ ፎቶ ተነስቶ ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ ተወሰነ። በከተማው አራስ አነሳለሁ የሚለው ሰው ደግሞ እስረኛው ነው። ካሜራዬን ከኤግዚቢት ክፍል አመጡልኝ፤ ግቢው ውስጥ አቆምኩት። የዚያኔ ከአጥሩ ውጭ ልጅቱ አለቀሰች።

«ሻምበል» አልኩ፣ ድምፄን እንደ ባለሙያ አድርጌ፣ «ካሜራው ብዙ ቀን ተዘግቶ ከርሟል። መጀመሪያ በሌላ ሕፃን ካልሞከርኩት ቆቡ ደብዝዞ ሊወጣ ይችላል።»

«ሌላ ሕፃን ከየት ይመጣል?»

«በር ላይ አንዲት አለች።»

ሳላቆም ቀጠልኩ።

«የሚይዛት ሰውም ያስፈልጋል። አባቷ እዚሁ አሉ።»

ሻምበሉ ሞኝ አልነበሩም። አዩኝ፤ በሩን አዩ፤ ጆሯቸውን አከኩ። «ለሙከራ ብቻ ነው» አሉ።

«ለሙከራ ብቻ ነው።»

አውን አመጧቸው። ነገሩን ሲሰሙ ጎንበስ ብለው በሩን ያዙ። ቀና ሲሉ ግን ያሉት ሌላ ነው። «ኮፍያዬን።» ሲገቡ ከቀበቷቸው ጋር ተወስዶባቸዋል። «ለአገሩ ሁሉ ኮፍያ ስሰፋ ኖሬ፣ ራሴን ገልጬ ልጄን አልቀበልም።» ፖሊሱ ሄዶ የሾፌሩን ኮፍያ ይዞ መጣ። አው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እንደገና ሄዶ ትክክለኛውን አመጣ። አራገፉት፤ አስተካክለው አደረጉት።

አሁን ደግሞ ግድግዳውን አዩ፣ የመስኮቱን ብረትም። «ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባቷ የት እንደነበረ ከእኔ አንደበት ትስማ። ከግድግዳ አትስማ።»

የተረኛውን ፖሊስ አንሶላ ለመጋረጃ ለመንኩ። የሚሰቀልበት ስላልነበረ ሁለት ፖሊሶች ከጀርባው ሆነው ዘርግተው ያዙት።

እናቲቱ ገቡና ልጅቱን ባላቸው እጅ ላይ አኖሯት። አው አላቀፏትም፤ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ቀኝ ጆሮዋ አስጠጉ። በዝግታ አዛኑን አንሾካሾኩላት። በተወለደች ቀን አባቷ ሊያሰማት የሚገባ የሶላት ጥሪ ነበር። ማንም ይቸኩሉ አላላቸውም። ሲጨርሱ ከአንሶላው ጀርባ አንድ ድምፅ «ማሻአላህ» አለ፤ አንሶላውም ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

አው ቀና አሉና የልጃቸውን ፊት አዩ። «እውነትህን ነው» አሉኝ። «አባቴን ትመስላለች።»

አነሳኋቸው።

ከዚያ የጋሪ ነጂውን ልጅ ከነቆቡ አነሳሁ። ቆቡ ጥርት ብሎ ወጣ፤ እድፉም ጭምር። ጃንሆይን ለብቻቸው በሆነ ግድግዳ ላይ እንድሰቅል ተመክሬ ተለቀቅሁ። አው ግን ወራት ቆይተው ነው የወጡት፤ ሲወጡ ቀኝ ክንዳቸው እንደ ድሮው ወደ ላይ አይነሳም ነበር። ምን እንደደረሰባቸው አልነገሩኝም። እኔም በታሰርኩባቸው ሌሊቶች ከጎረቤት ክፍል የሰማሁትን ጩኸት ለማንም አልተናገርኩም።

ፎቶውን ኤረር በር አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ወሰድኩላቸው። አንሶላው ያጠረ ስለነበር ከሥሩ የፖሊሶቹ ጫማ ወጥቷል፤ አራት ትልልቅ ጥቁር ቡትስ። «ይቅርታ፣ ቆርጬ አወጣዋለሁ» አልኳቸው።

ፎቶውን አራቅ አቀረብ አድርገው አዩት። «ተዋቸው» አሉኝ። «የእነሱም ክንድ ዝሏል።»

አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ሥራውንም ለሌሎች ትቻለሁ። ባለፈው አንዲት ሴት፣ የልጅ ልጆች ያሏት፣ ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልላ ቤቴ ድረስ መጣች። ጠርዙ ስለተበላ እንዲታደስላት ነው። አው ካረፉ ቆይተዋል። የት እንደተነሳ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አባቴ ላገባ ስል ቁጭ አድርጎ ነገረኝ» አለች። «ከዚያ በፊት ስጠይቀው ግን ይስቅ ነበር። ልጅ ሆኜ እነዚህ እግሮች የማን ናቸው ስለው ‹አጎቶችሽ ናቸው፤ ስላፈሩ ነው የተደበቁት› ይለኝ ነበር። ዒድ በመጣ ቁጥር ለምን እንደማይጠይቁን አኩርፌ አውቃለሁ።»

አብረን ሳቅን። ፎቶውን ተቀበልኳትና ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። የአው ዓይን ካሜራውን አያይም፤ ልጅቱን ነው የሚያየው። እሷ ደግሞ ግንባሯን ቋጥራ በዓለም ሁሉ ተናዳለች።