ልዩነታቸው ቀለም ብቻ ነው ያልኩ ቀን

እናቴ በቤተክርስቲያናችን የታመመ ሰው ጠያቂ ናት። ከኮተቤ ተነስታ እንጦጦ ሥር ያሉትን ቤቶች እየዞረች ትጸልያለች፣ ሾርባ ታደርሳለች። ዳገቱ ላይ ጉልበቷ እምቢ ሲላት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይገዛ ተባለ። መራጯ እኔ ሆንኩ፤ ቤታችን ውስጥ ቻርጀር ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ጉዳይ ነው።

መሪ አካባቢ ያለ ሱቅ ውስጥ ሁለት ማውንቴን ባይኮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሞተራቸው አንድ፣ ባትሪያቸው አንድ፣ ፍሬናቸው አንድ። አንዷ ግራጫ፣ አንዷ አረንጓዴ። እናቴ ስልክ ተደውሎላት ወደ በሩ ወጣ ስትል ሻጩ ወደ እኔ ዞረ።

«ለእናትሽ ከሆነ ግራጫዋን ውሰጂ። መሀል ያለው ብረት ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀሚስ ይወጣባታል። አረንጓዴዋ እግር ከፍ አድርጎ ማሻገር ትፈልጋለች።»

እኔ ግን በሀሳቤ አረንጓዴዋ ላይ ሆኜ እንጦጦ ፓርክ ደርሻለሁ፤ ጓደኞቼም ቪዲዮ እየቀረጹኝ ነው።

እናቴ ተመለሰች። «እሺ የኔ ባለሙያ፣ ምንድነው ልዩነታቸው?»

«ምንም። ቀለም ብቻ።»

ሻጩ እኔን አየ። እኔ ጎማውን አየሁ።

እናቴ ሱሪ ለብሳ ለአገልግሎት አትወጣም። የከለከላት የለም፤ ግን የምትጠይቃቸው አሮጊቶች ቤት በሱሪ ብትገባባቸው ከጸሎቱ በፊት የሚነሳው የሱሪው ጉዳይ ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አረንጓዴዋን ገዛን። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ሞከረቻት። ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ስታነሳ ጉልበቷ ይይዛታል፣ ትተወዋለች። ቅዳሜ ብስክሌቷን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሞተሩ ዳገቱን ይዞኝ ሲወጣ ብቻዬን ሳቅኩ። ስመለስ እናቴ በራችን ላይ ከጎረቤታችን ጋር ታወራለች።

«ታዲያ ብስክሌቷስ?» አለቻት ጎረቤታችን።

«ልጄማ ጥሩ አድርጋ መርጣልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት። አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

ጎረቤታችን እስክትሄድ መጠበቅ ራሱ አቃተኝ።

«እማ፣ አላረጀሽም። ሻጩ ግራጫዋን ውሰጂላት ብሎኝ ነበር፣ በቀሚስ የምትወጣዋን። አውቄ ነው የደበቅኩሽ።»

እናቴ ብስክሌቷን ተመለከተች። ሱቁ የሚቀይረው ያልተነዳውን ብቻ ነው። ይቺ ጎማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ ፔዳሏንም ድንጋይ ፍቆታል።

«አንቺ ሱሪ ትለብሻለሽ አይደል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«በይ እንግዲያው አንቺ ትነጃለሽ።»

የኋላ መቀመጫ አስበየድንላት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሹፌር ነኝ። እናቴ የሾርባውን ፔርሙስ ታቅፋ ወደ ጎን ትቀመጣለች።

«ቀስ በይ እንጂ፤ በሽተኛ ልጠይቅ ነው የወጣሁት፣ በሽተኛ ልሆን አይደለም።»

እንስቃለን። ዳገቱ ሲብስ ግን ሞተሩ ሁለታችንን አይችልም፤ ትወርድና ቀሚሷን ይዛ፣ እያነከሰች ከጎኔ ትራመዳለች። ግራጫዋ ብትሆን ኖሮ ብቻዋን ተቀምጣ ትወጣው ነበር። እንዲህ ስትራመድ ወደ እሷ ዞሬ ማየት አልችልም።

ከዚያ የሚብሰው የምንጠይቃቸው አሮጊት ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ነው። «ልጄ ናት፣ ቅዳሜዋን ሰጥታኝ» ትላቸዋለች እናቴ። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ እንደተኙ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ይጭናሉ።

«እናቷን የምትሸከም ልጅ። ተባረኪ፣ እንዳንቺ ያለ ልጅ ይውጣልሽ።»

እናቴ ዓይኗን ጨፍና «አሜን» ትላለች። እኔ የፔርሙሱን ክዳን እከፍታለሁ።