በኮንጋ የበረረው ባለ ድርብ ክንፍ

ዲላ ውስጥ የቴክኒክ ንድፍ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ለክፍሌ ማሳያ የሚሆን ትንሽ አውሮፕላን ልሠራ ተነሣሁ። የመረጥኩት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ጀርመኖች ለሙከራ ሠርተውት በዚያው የቀረ ተዋጊ ነው፤ አንዱ ክንፉ ከላይ፣ ሌላው ከታች። ሥዕሉን ስልኬ ላይ እንዳየሁት "ይሄማ አያቅተኝም" አልኩ።

ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ቀርከሃ ስሰነጥቅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣

"ልጆቹን ስለ ጦር መሣሪያ ልታስተምሪ ነው?" አለኝ።

"ክንፍ አየር ላይ እንዴት እንደሚቆም ነው የማስተምረው። መትረየሱን አልሠራለትም።"

"እንግዲያው ነጭ ቀቢው" ብሎ ብሩሽ አመጣልኝ።

ቅዳሜ በሞተር ሳይክል ወደ ኮንጋ፣ ወደ አማቴ ማሳ ወሰድነው። ኋላ ተቀምጬ ይዤዋለሁ። ነፋሱ ክንፉን በገፋው ቁጥር ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ባለቤቴም "ገና ሳይበር ሊጥለን ነው!" ይላል።

ከጉብታው ላይ ስወረውረው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቆመና በጭራው ወደቀ። አልደነገጥኩም፤ ኋላው ከብዷል ማለት ነው። ጭቃ ጠፍጥፌ አፍንጫው ላይ ለጠፍኩና ደግሜ ወረወርኩት። አሁን ቀጥ ብሎ በቡናውና በእንሰቱ ላይ ተንሳፈፈ፤ ታች ካለው ቡና ማጠቢያ ደርሶም ማድረቂያው አልጋ ላይ አረፈ። አልጋው ዙሪያ ተቀምጠው የተበላሸውን ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ብድግ አሉ። ስንደርስ የማጠቢያው ጥበቃ ቆጣ ብሎ፣

"የማን ነው?" አለ።

"የእኔ ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት።"

"እርስዎ?"

"አዎ፣ እኔ።"

አንዷ ለቃሚ አውሮፕላኑን አንሥታ፣ "ሁለት ክንፍ ለምን አስፈለገው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ያኔ አንድ ክንፍ ብቻውን ቀላልም ጠንካራም አድርጎ መሥራት ይከብድ ነበር። ሁለቱ በሽቦ ሲወጠሩ ግን ይደጋገፋሉ።"

ሽቦውን በጣቷ ነካ አድርጋ "ጥሩ ጠብቋል" አለች።

ተመልሰን ወደ ጉብታው ስንወጣ ባለቤቴ "አሁን ተራው የእኔ ነው" አለና አውሮፕላኑን ተቀበለኝ። ሴቶቹ ከታች አንጋጠው ያያሉ። ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው፤ ወደ ግራ ተጠምዝዞ እንሰት ውስጥ ገባ፣ የታችኛው ክንፍም ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ባለቤቴ ፊቱ ተለወጠ።

"ምን ሆንክ? ቀርከሃ እንደሆነ ሞልቷል" አልኩት እየሳቅሁ።

ሰኞ የተሰበረውን ክንፍ እንዳለ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩና ትምህርቱን ከዚያ ጀመርኩ።