«ሌላስ?» ይሉ የነበሩት አጎቴ

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለው የእህል ሱቃችን በር ላይ የአጎቴ ወንበር ባዶውን ቀርቷል። ደንበኛ «ባቄላ» ሲል፣ እሳቸው ሁልጊዜ «ሌላስ?» ይሉ ነበር።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጉረኛ ፕሮግራመር በፓይተን የትዕዛዝ ዌብሳይት ሠራልን። የዱራሜው የረጅም ዘመን ደንበኛችን ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ መርጦ ትዕዛዝ ላከ፤ የደረሰው ባቄላ ብቻ ነው። ተቀይሞ ሊተወን ደረሰ።

«መምረጥ አልቻለበትም ማለት ነው» አለ ፕሮግራመሩ።

ሀዲይኛን በላቲን ፊደል ማንበብ የለመዱት አጎቴ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን፣ የደንበኛው ምርጫ ከኋላው የተቀጠለበትን ረጅም የዌብሳይት አድራሻ በጣታቸው ተከተሉ። «ይኸው ‹ዓይነት› የሚለው ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ከየአንዳንዱ ጎን አንድ እህል አለ። ሰውየው ሦስቱንም ነግሮሃል።»

«ጋሼ፣ ሲደጋገም ፕሮግራሙ የሚሰጠኝ የመጨረሻውን ነው።»

«ሌላስ ብለህ ጠይቀዋ!»

ለካ የተደጋገመውን ሁሉ በዝርዝር የሚያመጣ የፓይተን ትዕዛዝ ነበር። አንዲት መስመር ቀየረና ተስተካከለ። ዲግሪ ይዞ ይህቺን ያጣ ሰው እንግዲህ ሊያስተምረን ነበር የመጣው። ደንበኛችንም ተመለሰ።

አጎቴ ሲያርፉ ፕሮግራመሩ ለቅሶ ሊደርስ ወደ ሱቃችን መጣና በእሳቸው ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ጥሩ ሰው ነበሩ» አለኝ።

«ሌላስ?» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ከወንበሩ ተነሳ።