የዘሀራ ግራ እጅ

ልጅ እያለሁ፣ አዋሽ ዳር በጥጥ እርሻው ሰፈር ስንኖር፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አንድ ነበር። የእህቴ የዘሀራ እጅ የጎደለው በእኔ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም?

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ዘሀራን አርግዛ ሳለች አንዲት እንሽላሊት ይዤ የፊት እግሯን በምላጭ ቆረጥኩ። የልጅ ነገር፣ ምን ይደረጋል። እናቴ አይታ ጮኸች። ዘሀራ ስትወለድ ታዲያ ግራ እጇ ጣት አልነበረውም፤ አንጓው ላይ ድቡልቡል ብሎ ያበቃል። ያዋለደቻት ሴትዮ ለጎረቤት "እናቷ እርጉዝ ሳለች ክፉ ነገር አይታ ነው" ስትል ሰማሁ። ያየችውን የማውቀው እኔ ነኝ።

እናቴ ልጅቷን እስከ አንገቷ በጨርቅ ጠቀለለቻት፤ ጠያቂ ሲመጣ ፊቷን ብቻ ታሳያለች። በዚያ የአዋሽ ሙቀት፣ በዚያ የቆርቆሮ ቤት! ህፃኗ ሽፍታ ወረሳት፣ ቆዳዋ ተላጠ፣ ጡት መያዝም ተወች። አባቴ "ፍቺያት እንጂ፣ ልትገድያት ነው?" ቢላት፣ "የሰው መሳቂያ ላድርጋት?" አለችው።

አባ ሁመድ የሚባሉ አፋር ሽማግሌ ግመሎቻቸውን ውሃ ለማጠጣት በሰፈራችን በኩል ያልፉ ነበር። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ሳይነጋገር አይለያይም፤ ዳጉ ይሉታል። ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። እኔንም ልጅ ነው ብለው አልናቁኝ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው "በል አንተ፣ ምን አየህ?" አሉኝ። ዘረገፍኩት፤ እንሽላሊቷንም ጭምር።

አልሳቁም፣ አልተቆጡም። የትኛው እጅ ነው? ትጠባለች? እናትህን በእርግዝናዋ አሟት ነበር? እያሉ ጠየቁኝ። ከዚያ "እንዲህ ሆነው የተወለዱ ሁለት አውቃለሁ፤ አንዷ አዳይቱ የምትኖር፣ አንዱ ጭፍራ" አሉ።

"እናቶቻቸው እንሽላሊት አይተው ነበር?"

"እሱን አልጠየቅኩም። እጠይቃለሁ።"

በሳምንቱ ወሬው አገር አዳረሰ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ "የቤቴን ገመና ለግመል ነጂ ሁሉ!" ብላ፣ እኔን ትታ እሷ አለቀሰች። ወር ሳይሞላ አባ ሁመድ ከአዳይቱ አንዲት ሴትና ኮረዳ የሆነች ሴት ልጇን አስከትለው ደጃችን ቆሙ። የልጅቷ እጅ ቁርጥ የዘሀራን ነው።

"እናቷ ምንም አላየችም" አሉ፣ ለእኔ ነው የሚነግሩኝ። "የጭፍራውም እናት ምንም። የእኔም ፍየል አንዴ እንዲህ ያለ ግልገል ወልዳለች፤ ፍየል ደግሞ ምን አይታ?"

ልጅቷ የእናቴን ከባድ ጀሪካን በዚያ በጎደለ ክንዷ አንጠልጥላ ወደ ቤት አስገባችና፣ ሕፃኗን እንድትሰጣት እጇን ዘረጋች። እናቴ የልጅቷን ክንድ ቆማ አየችው፣ አየችው፤ ከዚያ ጨርቁን ትፈታው ጀመር። ዘሀራ ሁለቱንም እጆቿን አወራጨች። አመሻሹ ላይ ጡት ያዘች፣ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ዘሀራ ሎጊያ ከተማ ሱቅ አላት፣ የልጆች እናት ናት። በቅርቡ ደግሞ የልጅ ልጄ ሰመራ ሆስፒታል ወለደች። ነርሷ የሕፃኑን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጥራ፣ እግሩን አገላብጣ አይታ፣ መዝገብ ላይ ጻፈች። "በቤተሰብ እጁ ወይ እግሩ ጎድሎ የተወለደ አለ?" ስትል የልጅ ልጄ አንገቷን ደፋች።

"አለች" አልኩ ጮክ ብዬ። "እህቴ ናት። ግራ እጇ። ከምን እንደሚመጣ ታወቀ እንዴ፣ ልጄ?"

"አብዛኛውን ገና አናውቅም አባባ፤ ለዚያ ነው የምንጠይቀው" አለችና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ያኔ መልስ የማያጣው ሰው ብዙ፣ ጠያቂው አንድ ነበር። ዛሬ በየአልጋው ይጠየቃል፣ ይጻፋል፤ ደስ ይለኛል። ብቻ ነርሷ ትንሽ አረፍ ብትል ኖሮ፣ ዘሀራ እንዴት እንዳደገችም እነግራት ነበር።