በፍልሰታ የተዋጠ ዝንብ

ሸዋ ሮቢት በአስተማሪነት በተመደብኩ በሁለተኛው ክረምት አገሬ ጎጃም አልገባሁም። መንገዱ ሩቅ ነው። ደግሞም ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በማልፍበት ሰፈር ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት ነበር፤ እስኪ ትንሽ ላግዝ ብዬ ከገባሁ በኋላ መውጣት አቃተኝ። ፊት አጥባለሁ፣ ፀጉር እሠራለሁ፣ ተረት አወራለሁ። ገና ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

ከሁሉም አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አፏ አያርፍም። ቤቱን የሚያስተዳድሩት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት «ሬዲዮን» ብለው ስም አወጡላት። ተኝታም ታወራለች።

ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ሕፃን ሁሉ ነጠላውን መስቀልያ አጣፍቶ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፆሞ ይቆርባል። ልጆቹን እኔ እንድወስዳቸው ተስማማን። ሬዲዮን ግን ትቅር ተባለ።

«ቅዳሴ መሐል ከዲያቆኑ ጋር ወሬ ልትይዝ ነው!» አሉ እትዬ።

ልጅቱ ቀሚሴን ይዛ አለቀሰች። የጎረቤት ልጆች ነጭ ለብሰው ከእናቶቻቸው ጋር ሲሄዱ በአጥሩ ቀዳዳ ስታያቸው ነው የሰነበተችው።

«እትዬ፣ ግድ የለም፣ እኔ ዋስ እሆናታለሁ» አልኳቸው።

«ዋስ? ለዚህ አፍ?» ብለው ሳቁና ፈቀዱ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወጣን። ዝናብ ጥሎ ስላደረ ወበቁ ከመሬት ይነሳል፣ ዝንቡ ደግሞ ከየሙዝ ልጣጩ። እሷ መንገዱን ሙሉ ትጠይቀኛለች። ቁርባን ይጣፍጣል? መላእክት ይፆማሉ? ግመል ለምን አይቆርብም? ስለ ግመሉ መልስ ስፈልግ ድንገት ዝም አለች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ቲቸር፣ ዝንብ ዋጥኩ።»

ልጆቹ ከበቧት።

«ፆም ገደፈች!»

«ዝንብ እኮ የፍስክ ነው!»

«አዎ፣ ክንፍ አለው! እንደ ዶሮ ነው!»

ዝንብ አፉ የገባበት ሰው እንደማይቆርብ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት። ግን ዛሬ ባትቆርብ ልቧ ይሰበራል።

«ምናልባት ተመልሶ ወጥቶ ይሆናል» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አልወጣም! ሲወርድ እግሩ ኮርኩሮኛል።»

እሷ እንዲህ እውነቱን ከተናገረች እኔ ምን ብዬ ልደብቅ? በቤተ ክርስቲያኑ በር የተቀመጡትን ሽማግሌ ቄስ ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን ይዘው ሳቃቸውን ዋጡት።

«አይ ልጄ፣ ዝንቡ ቀደመና! ፆምሽን አልሻርሽም። ለቁርባኑ ግን ነገ ነይ፤ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ።»

ሌሎቹ ሲቆርቡ የጀመራት ለቅሶ ስንመለስም አላባራም። መንገድ ዳር ፓፓያ የሚሸጡ ሙስሊም እናት ጠርተው አስቆሙን። የሆነውን ስነግራቸው እንባዋን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«አብሽሪ የኔ ልጅ! እኔም በረመዳን ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ውሃ ጉሮሮዬ ገብቶ እንዳንቺው አልቅሻለሁ። ነገም የአላህ ቀን ነው።»

በነጋታው ሬዲዮን ነጠላዋን አፏ ላይ ደራርባ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇም ደግፋ ወጣች። አንዲት ቃል አልወጣትም። ልጆቹ ጎነተሏት፣ አሳሳቋት፤ ወይ ፍንክች። የፓፓያዋ እናት ደነገጡ።

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ታመመች እንዴ?»

ልጅቱ ዓይኗን ብቻ አንከባለለችላቸው።

ቆረበች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እናቷ የሆንኩ ያህል እንባዬ መጣ። ስንመለስም ነጠላዋን ከአፏ ሳታወርድ ቤት ገባች። እትዬ ደጅ ላይ ጠበቁን።

«እህ፣ ሬዲዮን! ባትሪ ጨረስሽ?»

ነጠላዋን አወረደች። የሽሮ ፍትፍቷን ጥርግ አድርጋ በላች፣ ውሃዋን ጠጣች፣ አፏን በእጇ ጠረገች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን መደብ መታ መታ አደረገችልኝ።

«ቲቸር፣ ቁጭ በይ። ከጠዋት ልጀምርልሽ።»

ጀመረች። ፍራሽ የተሸከመ ግመል አይታለች። ተሳፋሪዎቹ የሚገፉት ባጃጅ አይታለች። ዲያቆኑ አስነጥሶታል። ሁሉንም ለእኔ ብላ በነጠላዋ ሥር አጠራቅማው ኖሯል። ሌሎቹ ልጆች አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። እኔም ልነሳ ብድግ ስል እትዬ ትከሻዬን ተጭነው መልሰው አስቀመጡኝ።

«ወዴት? ዋሷ አይደለሽ? እንግዲህ ስሚ!»